ያልተላጠው ላስቲክ

ምክር ፈልጋችሁ ባትመጡም አንድ ልለግሳችሁ፤ መሰላል አትግዙ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ ለአዲሱ ቤቴ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ መሰላል ነበር፤ አምፖል ልቀይርበት ብዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በብሎካችን ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ ያለ ነገር ሁሉ የእኔ ጉዳይ ሆነ። አሸንዳ ሲደፈን፣ የልብስ ገመድ ሲበጠስ፣ የልጆች ኳስ ቆርቆሮ ላይ ሲቀር "ባለመሰላሉን ጥሩት" ይባላል። ስሜን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ቢሆኑ ነው፤ አንዷ ባለቤቴ ናት።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ከኤሌክትሪክ ጋር ያለን ዝምድና ከማብራትና ከማጥፋት አያልፍም። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ብሎካችን የጥበቃ ካሜራ ሊያስገጥም ሲሰበሰብ፣ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ወይዘሮ ጽጌ "ይህን ካሜራ የሚከታተል፣ ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው እንምረጥ" አሉና ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እኔ ቴክኒክ አላውቅም" አልኩ።

"መሰላል አለህ አይደል?" አሉኝ።

ወይዘሮ ጽጌ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ከጣቃ ላይ አንዲት ክር ብትጎድል ከሩቅ የምትታያቸው ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ቴክኒክ ኃላፊ ሆንኩ።

ወደ ካሜራው ከመግባቴ በፊት አንድ ጠባዬን ልንገራችሁ። እኔ ከአዲስ ዕቃ ላይ ላስቲክ አላነሣም። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው፤ ቁጥሮቹ አይታዩም፣ ግን አዲስ ነው። የሶፋችን ላስቲክ ሰው ሲቀመጥበት ይንጫጫል፣ በበጋ እንግዳ ሲነሣ ደግሞ አብሮት ሊነሣ ይቃጣዋል። ባለቤቴ የሺ አንድ ቀን እንግዶች ፊት "እኔንም ያልጠቀለለኝ በልኬ ላስቲክ ስላጣ ነው" ብላ አስቃብኛለች። ይሳቁ። ከሳቁት ውስጥ ሪሞቱን ያለላስቲክ የሚይዝ አንድም ሰው እንደሌለ ግን ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ።

ካሜራውን የገጠመችልን ሜሮን የምትባል ቴክኒሺያን ናት። በእኔ መሰላል ወጥታ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው የደረጃው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ክብ ነው፤ ፊቱ ላይ መስታወት አለው፣ መስታወቱም ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ቀለም ቀቢዎች ገና ግድግዳውን አልጨረሱም ነበርና "ቀለም እንዳይረጭበት ነው የተውኩት፤ ሲጨርሱ ላጠው፣ ፕሊስ እንዳትረሳ" አለችኝ። ሌሊት እንዴት እንደሚያይም አስረዳችኝ። ለካ ሲጨልም ካሜራው የራሱን መብራት ይለቃል። የእኛ ዓይን ያንን መብራት አያየውም፤ ካሜራው ግን መብራቱ አንድ ነገር ነክቶ ሲመለስለት ያንን ነገር ያያል። እኔ እየሰማሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ገብቶኝ ሳይሆን ኃላፊ ስለሆንኩ ነው።

ቀቢዎቹ ጨርሰው ሄዱ። ላስቲኩን አልረሳሁትም። መርሳትማ ያለ ነው፤ እኔ አውቄ ነው የተውኩት። አዲስ ካሜራ፣ ያውም የሁላችን ንብረት፣ ለአራብሳ አቧራ ገላልጬ ልስጠው? እንዲያውም ክረምቱ እየመጣ ነው ብዬ ውስጡን የሚያሳይ ንጹሕ ፌስታል ደርቤ አለበስኩትና በክር አሰርኩት። ወርጄ ከታች ሆኜ ሳየው ልጁን ለትምህርት ቤት ያለበሰ አባት ያህል ደስ አለኝ።

እናንተ ከአሁኑ ገብቷችኋል፤ ይታወቀኛል። እኔን ግን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ሌሊት የተቀረፀውን ጠዋት ጠዋት እናየው ነበር፤ ስክሪኑ ከደረጃው ሥር ባለችው የኮሚቴ ክፍል ነው ያለው። የቀኑ ቅጂ ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ቢኖረውም ማን ገባ ማን ወጣ ይታወቃል። የሌሊቱ ግን ጉድ ነው። የበሩ አምፖል ፀሐይ ሆኖ ግማሹን ግቢ ውጦታል። የሁለተኛ ፎቁ ደረጀ ትንሿን ቪትዙን አስገብቶ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥቶ ግድግዳው ሥር ሲያቆማት ግራና ቀኝ ስፖኪዮዎቿ ሁለት ትልልቅ ኮከብ ይሆናሉ፤ መኪናዋ ራሷ አትታይም። ሰው ሲያልፍ የሚታየው ነጭ ጉም ነው። ወይዘሮ ጽጌ ንጋት ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን ሲወጡ የተቀረፀውን ሳሳያቸው አማተቡ።

"ይኼ እኔ ነኝ?" አሉኝ።

"በሰዓቱ ከሆነ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

ያን ቀን ሥራዬ ተጀመረ። በእኔ ቤት ጥፋቱ ካሜራው ፊት ያለው ብርሃን ሁሉ ነው፤ ካሜራውማ አዲስ ነው፣ ከነላስቲኩ። መጀመሪያ የበሩን አምፖል ቆርቆሮ ቆርጬ ሸፈንኩት። በሩ ጨለመና አንድ ምሽት እኔው ራሴ በገዛ ደጃችን ላይ ተደናቅፌ ጉልበቴን ገሸለጥኩና ቆርቆሮውን መልሼ አነሣሁት። ከዚያ "ግድግዳው ነጭ ስለሆነ ነው" ብዬ አመድማ ቀለም አስቀባሁት፤ ቀለሙን ያየ ሁሉ ብሎኩ ላይ ሐዘን የደረሰ መሰለው። ቀጥሎ ወደ ደረጀ ሄድኩ። ደረጀ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ለመኪናው ያለው ፍቅር እኔ ለሪሞቴ ካለኝ ይበልጣል።

"ማታ ማታ ስፖኪዮዎቹን ካልሲ አልብሳቸው" አልኩት።

"ምን?"

"ካልሲ። መስታወታቸው ካሜራውን እያጥበረበረው ነው። ጠዋት ታወልቅላቸዋለህ።"

ደረጀ ለረጅም ጊዜ አየኝ። "ወንድሜ፣ እረፍት ወስደህ ታውቃለህ?" አለኝና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ወይዘሮ ጽጌንም ንጋት ላይ ሲወጡ ከነጠላቸው በላይ ጠቆር ያለ ነገር ደረብ ቢያደርጉ ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። እንዴት እንደጠየቅሁ ዛሬ ሳስበው ላብ ላብ ይለኛል። "ለካሜራህ ብዬ ቤተ እግዚአብሔር በጥቁር ልሂድልህ?" አሉኝ፤ ከዚያ ለሳምንት ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ነበር የሚቀበሉት።

ከሁሉም ያልተቃወሙኝ ጥበቃችን ጋሽ ተሰማ ብቻ ናቸው። ጋሽ ተሰማ ይህን ብሎክ የጠበቁት ገና ሰው ሳይገባበት፣ የኮለን ምሰሶው ብቻ ቆሞ ሳለ ጀምሮ ነው። ግንበኞቹ ሄዱ፣ እኛ መጣን፣ እሳቸው እዚያው በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ቀሩ። ሥራቸውም ቤታቸውም እሷ ናት። "አንጸባራቂ ሰደርያዎን ገልብጠው ይልበሱት" አልኳቸው፤ ገልብጠው ለበሱ። "ባትሪዎን ወደ መሬት ብቻ ያብሩ" አልኳቸው፤ አንገቷ በጎማ የታሰረች አሮጌ የእጅ ባትሪያቸውን ወደ መሬት እያበሩ እንደ ጠፋ ሳንቲም ፈላጊ ጎንበስ ብለው መዞር ጀመሩ። ጠዋት ሲያገኙኝ "ልጄ፣ ካሜራው ተሻለው?" ይሉኛል። እንደ ታማሚ ነበር የሚጠይቁልኝ። "ገና ነው ጋሼ" እላለሁ። "ይማረው" ይላሉ።

እንዲህ ስንል አንድ ሐሙስ ጠዋት የደረጀ ጩኸት አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። የቀኙ ስፖኪዮ መስታወት የለም። ማቀፊያው እንዳለ ነው፤ መስታወቱን ብቻ ፈልቅቀው ወስደውታል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። ለደረጀ ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን ጊዜ ከተማ ውስጥ ነበር፣ አሁን ግን በገዛ ግቢው፣ ጥበቃ እያለ፣ ካሜራ እያለ። ብስጭቱ እውነት ነበረው።

ተሯሩጠን ኮሚቴ ክፍል ገባንና የረቡዕን ሌሊት ከፈትን። ስምንት ሰዓት ላይ ከበሩ በኩል አንድ ነጭ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ያብጥና ስክሪኑን ሞልቶ ለሁለት ደቂቃ ያህል መኪናዋን፣ ግድግዳውን፣ ሁሉን ነገር ይውጣል። ከዚያ ይጠፋል።

"ይኼ የማን ብርሃን ነው?" አለ ደረጀ።

የማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። በግቢው ውስጥ ባትሪ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ተሰማ ተጠሩ። ከስክሪኑ ፊት ቆመው የራሳቸውን ብርሃን አዩ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ። "ከአጥሩ ውጭ ጅብ ሰምቼ ነው። ወደ ላይ አበራሁበት። ወደ መሬት አብራ ተብዬ ነበር፤ ጅቡ ግን መሬት ውስጥ አልነበረም።"

ማንም አልሳቀም። ደረጀ ወደ ስክሪኑ እያሳየ "መስታወቴ የተወሰደው እዚህች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሆን ተብሎ ነው ካሜራው እንዲታወር የተደረገው" አለ። ወይዘሮ ጽጌ አላመኑም፣ ግን አለማመናቸውን የሚያስደግፉበት ነገር አጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብሎኩ ተሰብስቦ በጋሽ ተሰማ ጉዳይ እንዲወስን ተባለ። ውሳኔው ምን እንደሚሆን ከወዲሁ በደረጃው ይወራ ነበር፤ ሌላ ጥበቃ መፈለግ የጀመሩም አሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሜሮን ጋ ደወልኩ። እስካሁን ያልደወልኩላት ቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ ሳለ ቴክኒሺያን የሚጠይቅ ሰው እንዳልባል ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ፀሐዩን፣ ኮከቦቹን፣ ጉሙን። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

"ላስቲኩን ልጠኸዋል አይደል?"

"የቱን ላስቲክ?"

"መስታወቱ ላይ ያለውን። እሱ ካለ እኮ ካሜራው የሚለቀው ላይት ራሱ ላስቲኩ ላይ ይነጥርና ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ደመቅ ያለ ነገር ሁሉ ዙሪያው ይፈነዳል። ልጠኸዋል አ?"

"አዎ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ስልኩን ዘግቼ መሰላሌን ተሸከምኩ።

ፌስታሉን ፈታሁ፤ ውስጡ ላብ አልቦታል፣ ሸረሪት ቤት ሠርታበታለች። ስሱን ላስቲክ ከጠርዙ ይዤ ሳብኩት፤ ያቺ ላስቲክ ስትላጥ የምታሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ልቤ ይቆረጥ ነበር፤ ያን ቀን ግን የተቆረጠው በሌላ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሌሊቱን ቅጂ ብቻዬን ከፈትኩ። አምፖሉ አምፖል ሆኗል። የመኪናዋ ታርጋ ይነበባል። ጋሽ ተሰማ ሰደርያቸውን ገልብጠው፣ ባትሪያቸውን ወደ መሬት ደፍተው፣ ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ፊታቸው ላይ ያለው መጨማደድ ሳይቀር ይታያል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ የሰው ነጠላ፣ የሰው ስፖኪዮ፣ የሰው ሰደርያ ሳማስል ነው የከረምኩት።

እሺ፣ ልናገር። ለማን? ወደ ጋሽ ተሰማ ክፍል ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን እያጠፉ ነው። ፍራሻቸው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሬዲዮናቸውና ጥንድ ጫማ ይታያል። ይህን ሁሉ ዓመት የኖሩበት ቤት እንዲህ በአንድ ከረጢት ያልቃል ብዬ አላስብም ነበር።

"ግባ ልጄ" አሉኝ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ግን ነገ እሑድ ነው፣ ባይጠራስ ብዬ ጠቅልዬ መጠበቄ ነው።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ካሜራው ተሻለው?"

"ተሽሎታል ጋሼ" አልኩ። "ተመስገን" አሉ፤ ከልባቸው ነበር ያሉት። ሌላ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። እንዲህ ያለ ፈሪ ሰው ቴክኒክ ኃላፊ አድርጎ የመረጠ ብሎክ ምን ዓይነት ብሎክ ነው እያልኩ አራት ፎቅ ወጣሁ፤ ጥፋቱን አሁንም ለሌላ መስጠቴን ልብ በሉልኝ።

ለየሺ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። "አንተ ነገ ብትዋረድ እስከ ማክሰኞ ይረሳልሃል" አለችኝ። "እሳቸው ግን ከነገ ወዲያ የት ይገባሉ?"

እሑድ መጣ። ስክሪኑን አውጥተን ደረጃው ሥር ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። ሰው ከቅዳሴ እንደተመለሰ ነጠላውን እንደለበሰ ነው። ጋሽ ተሰማ ከኋላ በኩል ቆመዋል፤ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ወይዘሮ ጽጌ ስብሰባውን ሊከፍቱ ሲሉ ተነሣሁና እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የተጨማደደውን ላስቲክና ፌስታሉን አወጣሁ።

"ይኼ ነው" አልኩ። "ካሜራችን የታወረው በዚህ ነው። ላጠው ተብዬ ነበር፤ አዲስ ነው ብዬ ሳስቼለት ተውኩት። ፌስታሉን ደግሞ እኔው ነኝ የጨመርኩት።"

ከጀርባ ማን እንደሆነ እንጃ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላውም ተከተለ። ደረጀ ግን አልሳቀም። "እሺ፣ ላስቲክ ነበረበት" አለ። "መስታወቴ ግን አሁንም የለም። ካሜራው ቢታወርም ባይታወርም ሰው ነው የወሰደው።"

ልክ ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ግን አንዴ ተነሥቻለሁ፣ መቀመጥ አሳፈረኝ። "ቢያንስ ጋሽ ተሰማ ሆን ብለው እንዳላደረጉት ላሳያችሁ" አልኩ። "ላስቲኩ እያለ ብርሃን የነካው ነገር ሁሉ ያብጥ ነበር። እንኳን ባትሪ፣ መስታወትም ሳይቀር።" የማክሰኞን ምሽት ከፈትኩ። የደረጀ መኪና ትገባለች፣ ግድግዳው ሥር ትቆማለች፣ ሁለት ትልልቅ ኮከብ ግራና ቀኝ ቦግ ይላሉ። "አያችሁ? እነዚህ ካልሲ አልብሳቸው ያልኩት ስፖኪዮዎች ናቸው።" አሁን ደረጀን ጨምሮ ሁሉም ሳቀ። ነገሩ በአንድ ቀን ብቻ የሆነ እንዳይመስላቸው ብዬ የረቡዕን ምሽትም ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋ ትገባለች፣ ትቆማለች።

"ቆይ" አሉ ወይዘሮ ጽጌ። "መልሰው።"

መለስኩት። መኪናዋ ገባች፣ ቆመች።

"አንዷ ጎድላለች" አሉ። "በግራ በኩል በርቷል። በቀኝ በኩል የለም።"

ሰው ሁሉ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሦስተኛ ጊዜ መለስኩት። እውነት ነው፤ አንድ ኮከብ ብቻ። ሁላችንም ሐሙስ ጠዋት ያየነው ያቺን የስምንት ሰዓቷን ብርሃን ብቻ ነበር፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋ እንዴት እንደገባች ማን አየ? የቀኙ መስታወት መኪናዋ ወደ ግቢው ከመግባቷ በፊት ሄዷል። ደረጀ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆመ።

"ረቡዕ ገርጂ ለቅሶ ነበርኩ" አለ ቀስ ብሎ። "መንገድ ዳር ነው ያቆምኳት።"

"ስትመጣ አላየኸውም?" አሉት ወይዘሮ ጽጌ።

"ወደ ቀኝ ስፖኪዮ አይቼ አላውቅም" አለ። ይህን ሲል ማንም አልወቀሰው፤ በዚህ ከተማ የሚነዳ ሰው ሁሉ በልቡ "እኔም" ሳይል አልቀረም።

ከዚያ ደረጀ በሰው መሀል አልፎ ወደ ኋላ ሄደና ጋሽ ተሰማ ፊት ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስም አጠፋሁብዎት" አላቸው። ጋሽ ተሰማ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። "ንብረትህ ጠፍቶ ነው፤ ሰው ሲጠፋበት አጠገቡ ያለውን ነው የሚይዘው" አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም። ነውር ባይሆን የወይዘሮ ጽጌንም እነግራችሁ ነበር።

ቀጥሎ ተራዬ ነበረ። "ከኃላፊነቴ አንሡኝ፤ አይገባኝም" አልኩ፤ በሆዴም ደስታ ብጤ ይሰማኝ ጀመር።

"መሰላሉን ለብሎኩ ታስረክባለህ?" አሉኝ ወይዘሮ ጽጌ።

"መሰላሉማ የቤቴ ዕቃ ነው።"

"እንግዲያው ሥራህን ቀጥል" አሉና ስብሰባውን ዘጉ።

የጋሽ ተሰማን ፍራሽ ከገመዱ ፈትቼ አልጋው ላይ የዘረጋሁላቸው እኔ ነኝ። ሰደርያቸውንም በደኅናው ገጽ እንዲለብሱት ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ብሎኩ ተባብሮ ለጋሽ ተሰማ አዲስ የእጅ ባትሪ ገዛላቸው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ አጥር አልፎ ጅቡን የሚያሳይ። ደረጀ ነው የሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁን፤ ለካሜራውም ሳይቀር ጤና ለመኑለት።

በማግስቱ ጠዋት ቅጂውን ከፈትኩ። ግቢው ጥርት ብሎ ይታያል፤ አምፖሉ፣ ታርጋው፣ የደረጀ አዲስ የስፖኪዮ መስታወት። እኩለ ሌሊት አካባቢ ግን ከበሩ በኩል አንድ ትልቅ ነጭ ክብ ብርሃን ብቅ አለና በግቢው መሀል ቀስ እያለ ማለፍ ጀመረ። ሮጬ ወደ ካሜራው ሄጄ አየሁት፤ ምንም የለበትም። ከዚያ ወደ ጋሽ ተሰማ ክፍል ሄድኩ። ባትሪዋ ከአልጋቸው ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። መስታወቷ ላይ ከፋብሪካ የመጣችበት ላስቲክ እንዳለ ነው፤ በላዩ ደግሞ ንጹሕ ፌስታል ተደርቦ በክር ታስሯል።

"ጋሼ፣ ይቺን ላስቲክ ብናነሣት…" አልኩ።

"ተዋት ልጄ" አሉኝ፣ ክሩን እያጠበቁ። "አዲስ ናት። የእናንተ ስጦታ ናት፤ አቧራ አላስነካትም።"

ምን ልበል? በዚህ ጉዳይ ሰውን ለመምከር በአራብሳ ከእኔ የባሰ ሰው የለም። አፌን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ቅጂውን ስከፍት ያ ነጭ ክብ ብርሃን በየሌሊቱ ከበሩ ተነሥቶ ግቢውን ዞሮ ይመለሳል። ውስጡ ማንም አይታይም። ማን እንዳለ ግን ብሎኩ በሙሉ ያውቃል።